የሰው ፊት

በአንድ የፋሲካ ዋዜማ ነው። ከእኛ ቤት ሁለት በር አልፎ የሚኖሩ አንዲት እናት ደጃፋቸው ላይ ኩርሲ አውጥተው ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። ባላቸው አስተማሪ ነበሩ፤ ካረፉ ቆይተዋል። ከባላቸው ጡረታ ግማሹ ለእሳቸው ተላልፎላቸዋል። ያ ግማሽ ዛሬ ገበያ ወጥቶ ምን ይዞ እንደሚመለስ ለእናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው።

ያን ዕለት ጠዋት ወረዳው ለአቅመ ደካሞች “ማዕድ ያጋራ” ነበር። አምስት ሊትር ዘይት፣ ዱቄት፣ ጥቂት እንቁላል። የእማማም ስም ዝርዝሩ ውስጥ እንዳለ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ዝርዝሩ ተለጥፎ ነበራ።

“እማማ፣ አልሄዱም እንዴ?” አልኳቸው።

“የት?”

“ወረዳ ነዋ። ዘይቱ ሳያልቅ...”

“ካሜራ አለ አሉኝ” አሉ፣ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው። “ዘይቱንስ ይዤ እገባ ነበር ልጄ። ፊቴን ግን የት አስቀምጬው ልሂድ?”

መልስ አልነበረኝም። ሃያ ዓመት ያህል ሥነ ጽሑፍ አስተምሬአለሁ፤ ቃል አጥቼ የቆምኩባቸው ቀናት ግን ጥቂት ናቸው። ይሄ አንዱ ነው።

በቋንቋችን ሰው ተቸገረ ለማለት “የሰው ፊት ማየት ጀመረ” እንላለን። እጁን ዘረጋ፣ ደጅ ጠና ከምንለው ሁሉ ይሄኛው ይከብዳል። ሲብስም “የሰው ፊት እሳት ነው” እንላለን። ልብ በሉ፤ አባባሉ ስለ ረሃብ አይደለም። ረሃብማ ያለው ሆድ ውስጥ ነው። ይሄ ስለ ፊት ነው። የሚረዱን ሰዎች ስንት ኪሎ እንደሰጡን ሲቆጥሩ፣ ቋንቋችን ደግሞ ስንት ፊት እንዳየን ይቆጥራል።

ከዚያ ዕለት ወዲህ ስለ ምግብ እርዳታ በሰማሁ ቁጥር የምጠይቀው ጥያቄ ተለወጠ። ስንት ተሰጠ? ብቻ አልልም። የተቀበለው ሰው ማን ተብሎ ተጠራ? እላለሁ። እስቲ እኔ በዕድሜዬ ያየኋቸውን አብረን እንቁጠራቸው።

የተወለድኩት ደሴ ነው። እናቴ በየወሩ በ12 ሚካኤልን ትዘክር ነበር። ጠላው ቀደም ብሎ ይጠነሰሳል፤ ከዋዜማው ጀምሮ ቤቱ ዳቦ ዳቦ ይሸታል። በዕለቱ ቄሱ ባርከው ሲጨርሱ ጎረቤቱም፣ ዘመዱም፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የመጣው የኔ ቢጤም አንድ ላይ ይበላል። አንድ ጊዜ፣ አሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ የኔ ቢጤዎቹ ዘገዩና እናቴ ደጅ እየወጣች ስትቁነጠነጥ አየኋት። “ታዲያ ካልመጡ ለእኛ አይተርፍም?” ብላት “ካልመጡማ ምኑን ዘከርኩት!” ብላ ተቆጣችኝ። ያኔ አልገባኝም። ለካ የሚፈልጓት እነሱ ብቻ አልነበሩም፤ እሷም ትፈልጋቸው ነበር። በልተው ሲነሱ “ለከርሞ ያድርስሽ” ብለው ይመርቃሉ፣ ሂሳቡ በምርቃት ይዘጋል። ማንም የማንም ባለዕዳ ሳይሆን ይለያያል። “የኔ ቢጤ” የሚለውን ስም እስቲ በርጋታ አንብቡት። የሚሰጠው ሰው የሚቀበለውን ሲጠራ “እኔን የሚመስል” እንዲል ቋንቋው ያስገድደዋል።

ጎረቤታችን ደግሞ ሙስሊም ነበሩ፤ ደሴ እንዲያ ናት። ረመዳን ሊፈታ ሲል ለቤተሰቡ ቁጥር፣ ለጨቅላውም ጭምር፣ በነፍስ ወከፍ ሁለት ኪሎ ተኩል ያህል እህል እየተሰፈረ ለችግረኛ ይወጣል። ዘካተል ፊጥር ነው። ከዒድ ሶላት በፊት መድረስ አለበት፤ ድሃው በበዓሉ ቀን እንዳይለምን። ጎረቤታችን ልጃቸውን የሚልኩት ገና ሳይነጋ ነበር፤ “ማንም ሳያይህ ሰጥተህ ተመለስ” እያሉ። ልጁ ጓደኛዬ ነውና ለማን ይዞ እንደሄደ ስጠይቀው አይነግረኝም ነበር። ብሽሽቅ መስሎኝ ስንት ቀን አኩርፌዋለሁ!

የቆሎ ተማሪውም አለ። አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻውን በዱላ እየተከላከለ “በእንተ ስማ ለማርያም” እያለ በየደጁ ይቆማል። ሥርዓቱ ራሱ እንዲህ ነው፤ የደህና ቤተሰብ ልጅም ቢሆን ከአገሩ ርቆ፣ ለምኖ ይማራል። መንደሩ ከእንጀራው ቆርሶ ነገ የሚቀድስለትን፣ ልጁን የሚያስተምርለትን ሰው ያሳድጋል። ቁራሽ ይዛ የወጣችው ባልቴት ደጇ ላይ የምታየው ለማኝ አይደለም፤ የነገ መሪጌታ ነው።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ የሚል ጽሑፍ ይወጣው ነበር። ድሮ እንዲህ ነበርን፣ ዛሬ ግን ወዴት ወደቅን ብሎ ማልቀስ ለእንደኔ ዓይነቱ የጋዜጣ ጸሐፊ ቀላል ሥራ ነው። ነገር ግን 1977 አለ።

በ1977 ዓ.ም. ረሃቡ ወሎንና ትግራይን ሲመታ እኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። በኮረምና በባቲ መጠለያዎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ሰፍሯል። ቀዬውን ለቆ የወጣው ሰው በየመንገዱ ነው። እናቴ በዚያ ዓመትም ዘከረች። የመጣው ሰው ከደጃችን አልፎ መንገዱን ሞላው። ዳቦው ለመጀመሪያዎቹ እንኳ በቅጡ ሳይዳረስ አለቀ። እናቴ ባዶ ሌማት ይዛ በሩ ላይ ቆማ “ይቅር በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ” ስትል ሰማኋት። ረሃብን በመንደር ደግነት እንመልሰዋለን የሚል ሰው ሲገጥመኝ እስከ ዛሬ ያቺ ባዶ ሌማት ናት የምትታየኝ። ያን ጊዜ የተረፈውን ሰው ያተረፈው፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ ለብዙዎች ሳይደርስ ቢቀርም፣ ከባሕር ማዶ በመርከብ የመጣው ስንዴ ነው። ካሚዮኑ ነው። የወተት ዱቄቱ፣ ካርዱና ሰልፉ ነው። ሰልፍ ያዋርዳል? አዎ፣ ያዋርዳል። ግን ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው በሕይወት አለ።

ሰልፉ የሚያቃጥለው ደግሞ የተሰለፈውን ብቻ አልነበረም። በዚያው ዘመን መቀሌ በቀይ መስቀል መመገቢያ ጣቢያ ትሠራ የነበረችው እንግሊዛዊቷ ነርስ ክሌር በርቺንገር፣ ምግቡ ለሁሉም ስለማይበቃ ከሕፃናቱ መካከል የሚገቡትን መምረጥ ነበረባት። ያ ምርጫ ለረጅም ዓመታት እንዳልለቀቃት ራሷ ተናግራለች። የሰው ፊት የሚሰጠውንም ያቃጥላል ማለት ነው።

አሁን ወደ ራሴ ኃጢአት ልምጣ።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ በአንድ ኮሌጅ አስተምር ነበር። ተማሪ የሚያድርበትም የሚበላበትም አልነበረውም። ከገጠር የመጡት ልጆች ለሦስት ለአራት ሆነው ቤት ተከራይተው ነው የሚማሩት። አንድ ፊት ለፊቴ የሚቀመጥ፣ ጠዋት ጠዋት ዓይኑ የሚያበራ ተማሪ ነበረኝ። ከሰዓት በኋላ ግን ያ ዓይን የለም። አንድ ቀን ወንበሩ ላይ ዘንበል ሲል ደገፉት፤ ወጥቶ ውሃ ጠጥቶ ተመለሰ። ሁላችንም ገባን። መምህራኑ ተመካከርን፤ ከደመወዛችን አዋጣንና ከመምህራን ክበቡ ጋር ተነጋግረን የምሳ ኩፖን አሳተምን። ለሦስት ተማሪዎች፣ ለእያንዳንዳቸው ሃያ ሃያ።

እስከዚህ ጥሩ ነው። ከዚያ እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ክፍል ገባሁ፤ አርባ ተማሪ ፊት ቆምኩ፤ ሦስቱን በስማቸው ጠራሁና “የምሳ ኩፖን ስላላችሁ ከክፍል በኋላ ቢሮዬ ኑ” አልኩ። ድምፄ ውስጥ ደስታ እንደነበረ አስታውሳለሁ። ደግ ሰው መሆኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ያን ሳምንት የማስተምረው ስለ ገጸ ባሕርያት ውስጣዊ ዓለም ነበር፤ ሳቁብኝ!

ሦስቱም መጡ። ልጁ ኩፖኑን በሁለት እጁ፣ ጎንበስ ብሎ ተቀበለኝ። ሁለቱን ክበብ ውስጥ ሲበሉ አየኋቸው። እሱን ግን አንድም ቀን አላየሁትም። ከዚያ ወዲህ የሚቀመጠው ከኋላ ነው። ሴሚስተሩ ሲያልቅ የጥናት ጽሑፉን አስረከበኝ። ስገልጠው በመሃሉ አንድ ፖስታ አለ። ሃያው ኩፖን በሙሉ ውስጡ ነበር። አልተቀደደ፣ አልተጨማደደ። ደብዳቤ የለውም። ለጽሑፉ ኤ ሰጠሁት፤ የሚገባው ነበር። ያም ሆኖ በዚያ ኤ ልታረቀው የሞከርኩ እየመሰለኝ አፍራለሁ። ኩፖኖቹ እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አሉ።

ሌላውን አሠራር ሁሉ በሌላ ዓይን ማየት የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የተጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ ድርቅ በመጣ ቁጥር ለልመና ከመውጣት፣ አስቀድሞ ታስቦበት በየዓመቱ በሚታወቅ ጊዜ የሚደርስ ድጋፍ ይኑር። መሥራት የሚችለው እርከን ይሠራል፣ ኩሬ ይቆፍራል፣ የገጠር መንገድ ያወጣል። አዛውንቱና አካል ጉዳተኛው ሳይሠሩ “ቀጥታ ድጋፍ” ያገኛሉ። ክፍያው በብር ወይም በእህል ነው፤ በእህል ሲሆን ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ያህል ይታሰባል። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ከተሞች መጣ። ያኔ በእኛ መንገድ ማለዳ ማለዳ ይጠርጉ ከነበሩት ሴቶች አንዷን አውቃት ነበር። “ሥራ ልገባ ነው” ትላለች እንጂ “እርዳታ ልቀበል ነው” ስትል ሰምቻት አላውቅም። ክፍያዋ በባንክ ደብተሯ ይገባል፤ እሷም “ደመወዜ” ትለዋለች። መጥረጊያው ፊቷን ሸፍኖላታል።

ነገር ግን ሴፍቲኔትም ስም ይጠራል። በገጠር ተጠቃሚውን የሚመለምለው ኮሚቴ ነው፤ ዝርዝሩ በሕዝብ ስብሰባ ላይ ይነበባል፤ ቀረሁ የሚል ደግሞ ቅሬታ ሰሚ አለው። የእኔ ነገር፣ ያ ልጅ ትዝ ብሎኝ፣ ወሎ ያለ አንድ ገበሬ ዘመዴን “ሰው ፊት ድሃ ተብሎ ስም ማንበብ ነውር አይደለም ወይ?” ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀብኝ።

“ጋሼ፣ ካልተነበበማ የሊቀመንበሩ አጎት ይገባበታል!”

እውነቱን ነው። በ2015 ዓ.ም. ምን እንደሆነ ታስታውሳላችሁ። ለተራበ ሰው የመጣ እህል በሰፊው ወደ ሌላ እየዋለ ነው ተብሎ የአሜሪካ ተራድኦ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም መጀመሪያ በትግራይ፣ በሰኔ ደግሞ በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታ አቆሙ። እንደገና እስኪጀመር ወራት አለፉ። እህሉን የወሰደው ሌባው ነው፤ ጦሙን ያደረው ግን ድሃው ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በሰኔ 2017 ዓ.ም.፣ ያ የአሜሪካ ድርጅት ራሱ ተዘግቶ የቀረው ሥራው ወደ አገሩ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ተዛወረ። የባሕር ማዶ ስንዴ ሁልጊዜ ይመጣል ብሎ መተኛትም እንደማይቻል አየን።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። ስም ብንጠራ ሰው ይዋረዳል፤ ባንጠራ ይሰረቃል። ለብዙ ጊዜ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ያለብን ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ጥያቄው ቆጠራውን የት እናድርገው የሚል ይመስለኛል። መጋዘኑ በር ላይ ይቆጠር። ከካሚዮኑ ሲወርድ፣ ሚዛን ላይ ሲወጣ ይቆጠር። ዝርዝር ካስፈለገም ይነበብ፤ ያ ዝርዝር የሚጠብቀው ድሃውን ከሊቀመንበሩ አጎት ነውና። ከሚበላው ሰው ፊት ላይ ግን አይቆጠር። እኛ የምናደርገው ብዙ ጊዜ ተቃራኒውን ነው። መጋዘኑ ጨለማ ነው፤ መብራቱና ካሜራው ያለው ዘይት በምትቀበለው እናት ፊት ላይ ነው። ያ ካሜራ አንድ ሌባ ይዞ አያውቅም። የያዘው የእማማን ነጠላ ነው።

ይሄ የማይሆን ምኞት እንዳይመስላችሁ፣ በዓይኔ ያየሁት አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ቀደም ሲል ተማሪ የሚመግቡት በጎ ፈቃደኞች ነበሩ፤ አቅማቸው ውስን ነውና ድሃ ድሃውን መርጠው ነው የሚያበሉት። ከ2012 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጀምሮ ከተማ አስተዳደሩ ቁርስና ምሳ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለሚማሩት የቅድመ መደበኛና የአንደኛ ደረጃ ልጆች በሙሉ ማቅረብ ጀመረ። ሳይመርጥ። እናቷ ጉሊት የምትቸረችር አንዲት የጎረቤት ልጅ አለች፤ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች ያኔ። “ለምንድን ነው ትምህርት ቤት ምሳ የሚያበሏችሁ?” አልኳት፣ መምህርነቴ አልለቀኝ ብሎ። የማይጠየቅ ነገር የጠየቅሁ ያህል አየችኝ።

“ምሳ ሰዓት ስለሚደርስ ነዋ!”

ይኸው ነው። ልጅቷ ድሃ መሆኗን አታውቅም። የምታውቀው ምሳ ሰዓት መድረሱን ነው። ከጎኗ የባለሱቁ ልጅ ይበላል፤ ማን ማንን ያያል? ለሚችለው ልጅ ጭምር ማብላት ብክነት ነው የሚሉ ሰዎች ገጥመውኛል። ልክ ናቸው፤ ለባለሱቁ ልጅ የወጣው እንጀራ ትርፍ ነው። ግን ያ ትርፍ እንጀራ የዚያችን ልጅ ፊት የሸፈነ እንጀራ ነው። እኛ ሦስት ልጆች መርጠን ሃያ ሃያ ኩፖን ስናሳትም የቆጠብነው እሱን ነበር። ቁጠባችን አንድ ልጅ ከፊት ወንበር አስነስቶ ከኋላ አስቀመጠ።

እማማስ? አትሉኝም?

ፋሲካው አልፎ ወር ሳይሞላ ቤታቸው ሄድኩ። “እማማ፣ እናቴ ካረፈች ጀምሮ ሚካኤልን ዘክሬላት አላውቅም። በዚህ ወር በ12 ልዘክር አስቤአለሁ። ቤቴ ድፎ መድፋት የሚያውቅ ሰው የለም፤ እርስዎ ቢይዙልኝ ብዬ ነው።”

ረዘም አድርገው አዩኝ።

“እናትህ በሕልምህ መጣችብህ?”

“ኧረ አልመጣችም።”

“እንግዲያው የታሰብኩት እኔ ነኛ።”

ዝም አልኩ። ለካ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላም ደግነት ሲደበቅ አያምርብኝም። እሳቸውም ትንሽ ዝም አሉና፣ “ይሁን። እናትህም ብትሆን ነፍስ ናት። ዱቄቱን ግን አጣርተህ ግዛ፤ በኔ እጅ የተበላሸ ዳቦ አይወጣም” አሉኝ።

በ12 ዕለት ጓዳዬን ተረክበው የቤቱን ሰው ሁሉ ሲያዙ ዋሉ። የእሳታቸውን ነገር የነካ ወዮለት። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የጠራናቸውም መጡ። እማማ ከቄሱ አጠገብ ተቀምጠው በሉ፤ ጨዋታም አመጡ። ማታ ሲወጡ የድፎውን እኩሌታ በመሶብ ወርቅ ሸፍኜ ሰጠኋቸው። ባለሙያ የድርሻዋን ይዛ ነው የምትሄደው፤ ወጉ ነው። “ለከርሞ ያድርስህ” ብለው መረቁኝ። ሂሳባችን ተዘጋ። ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ ነበር።

ሚካኤል ግን በወር አንድ ቀን ነው። የቀሩትን 29 ቀናት በድፎ ዳቦ አልሸፍናቸውም፤ እናቴም አልቻለችም። ለእነዚያ ቀናት የሚመጣው ዘይትና ዱቄት ከወረዳም ይምጣ ከሌላ፣ መቆጠሩ አይቅር። የሚቆጥረው ሰው ግን ካሜራውን ወደ መጋዘኑ አዙሮ ቢጀምር ነው የምለው።